ገደሉን በነጻ ያስወጣሁበት ቅዳሜ

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አለዚያ ግማሽ ላይ ስትደርሱ «ይህ ሽማግሌ መጀመሪያውንም ምንም አያውቅም ነበር» ብላችሁ ስክሮል አድርጋችሁ ታልፋላችሁ።

አውቅ ነበር። ብዙ አውቅ ነበር። ጣጣውም እሱ ነው።

በቀለ እባላለሁ። ድሬ ዳዋ ተወልጄ ድሬ ዳዋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪውም ተማሪውም እኔ ነኝ። ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ።

ፈረንሳይኛ የተማርኩት በባቡር ከሚመጡ ሣጥኖች ላይ እያነበብኩ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ሬዲዮ እያበላሸሁ ነው። ማንዶሊን እጫወታለሁ። ባለቤቴ «አትጫወትም» ትላለች። እጫወታለሁ።

ሥራዬ ባቡር ላይ ነበር። መጀመሪያ የቀያሾች ሜትር ያዥ ሆኜ ገባሁ። መሬት የሚለኩት ሰዎች የብረት ሜትሩን አንዱን ጫፍ ይዘው ሲቆሙ፣ በሌላው ጫፍ የቆምኩት እኔ ነኝ። በዚያ በረሃ፣ በዚያ ፀሐይ! ኋላ ጉብዝናዬ ታይቶ ጋራዥ ተዛወርኩ።

ስለዚህ ስለ ልኬት እኔን ማንም አያስተምረኝም።

ብዬ አስብ ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ ውርደቱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ ጎልማሳ ነኝ፣ ሪዜ የተጠቀለለ፣ ሸሚዜ የተተኮሰ። በሠራተኞች ክበባችን ጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ነበረች። ውስጧ መረቡ የጠፋ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ቆሟል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት አስነሣሁ።

አትደንግጡ፣ ጨዋታ ነው! አሁን ወጣቶቹ ቪዲዮ እየቀረጹ የሚለጥፉት ዓይነት። ጠረጴዛ ላይ ተራራና መንገድ ይሠራል፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮች ይሰለፋሉ። ሁለት ሰው በየተራው ወታደሮቹን በሜትር እየለካ ያንቀሳቅሳል፣ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበትን ዳይስ ይጥላል፣ ይተኩሳል። ቼዝ በሉት። ግን ቼዝ ተራራ የለውም።

እኛ ተራራ ነበረን!

ሕጉን ያገኘሁት አንድ ፈረንሳዊ አለቃ አገሩ ሲገባ ጥሎት ከሄደ ሣጥን ውስጥ ነው። የጨዋታ መጽሐፍ ነው፣ ሽፋኑ የረገፈ። በመዝገበ ቃላትና በድፍረት ተረጎምኩት። ወታደሮቹን ከሞተ ባትሪ እርሳስ አቅልጬ በጄሶ ቅርጽ አወጣኋቸው። (ቤታችሁ እንዳትሞክሩት። መርዝ መሆኑን ያኔ የነገረኝ የለም።) አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ በባልዲ አጋዝኩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከመጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ምስጥ በልቶታል።

የትኛውን?

ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድን የሚመለከተውን።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ ምዕራፉን ራሴ ጻፍኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀብኝም። ሕግ ቁጥር አራት ይባላል፣ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦

«ወታደር በአንድ ተራ ሃያ ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ርቀት ሁሉ፣ ሜዳም ይሁን ዳገት፣ ሜትሩ ከላይ ተወጥሮ በአግድም ይለካል።»

በአግድም የሚለውን ልብ በሉልኝ። ይህ የቀያሾች ዕውቀት ነው። ተዳፋት መሬት ሲለካ ሜትሩ መሬቱ ላይ አይነጠፍም። ከላይ ቀጥ ተደርጎ ይወጠራል፣ ካርታ ላይ የሚገባው እሱ ነው። ይህን በወጉ ለመማር ስንት ዓመት በእግሬ ሄጃለሁ! ፈረንሳዊው እንኳን እንደዚህ አሳምሮ የጻፈው አይመስለኝም። የእሱን ምስጥ ስለበላው ማወዳደር አይቻልም እንጂ።

ሰዎች መጡ። የጋራዥ ልጆች፣ ሁለት የቴሌግራፍ ሠራተኞች፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ። ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ደምሴ ነው።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከቤቴ ዳገት ሥር የሚኖር ጎረቤቴ ነው። ከምሥራቁ ግንባር የተመለሰው ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአጥሩን ቆርቆሮ ያይ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮውን። ባለቤቱ ጽጌ አንድ ቀን መጥታ እባክህ ከዚህ ግቢ አውጣልኝ አለችኝ።

እኔም ዋሸሁት። ወታደሮቹን ቀለም የሚቀባ ሰው ቸገረኝ አልኩት።

መጣ። ቀባ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። በስምንተኛው ቀን ግን አንድ ወታደር አነሣና ከተራራዬ ግርጌ አቆመው። በየተራው ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየለካ አናቱ ላይ አደረሰው። አልተኮሰም። ከማንም ጋር አልተዋጋም። አውጥቶ አቆመውና «ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣ ጀመር። ሁልጊዜ መውጣት ነው ሥራው። ጽጌ «ጢሙን መላጨት ጀመረ፣ እራቱንም ይጨርሳል» ብላ ነገረችኝ።

ይህን እዩልኝና አሁን የመጣብንን ስሙ።

የክበቡ ሊቀ መንበር ጓድ ሽፈራው ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ስብሰባ ይወዳል። የቀበሌው ኪነት ቡድን የሚለማመድበት ክፍል አጥቷልና የእኛን ክፍል ጠየቀ። ከበሮአቸው፣ ዘፋኞቻቸው፣ አዲሱ ዩኒፎርማቸው፣ ሁሉ ዝግጁ ነው። እኛ ያለን አሸዋ ነው።

ጓድ ሽፈራው እንዲህ ሲል ወሰነ፦ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጨዋታው በሕዝብ ፊት ይታያል። ለሰፊው ሕዝብ ትምህርት የሚሰጥ ከሆነ ክፍሉ ለእኛ ይጸናል። የልጅ ጨዋታ ከሆነ አሸዋው ወደ ወንዙ፣ ክፍሉ ወደ ኪነት።

ደምሴ ሰማ። ብሩሹን ውኃ ውስጥ እያዞረ ቆየና፣ «ከዚህ ካስወጡን የት ነው የምንሄደው?» አለኝ።

«የምንሄደው» ነው ያለው። ግቢው ውስጥ ያለውን በርጩማ እኔም በሐሳቤ አየሁት፣ እሱም አየው።

«ተወው ለእኔ» አልኩት። «እኔ እያለሁ?»

በዚህ ዓለም ላይ ከአፌ ከወጡ ቃላት ሁሉ መልሼ ብውጣቸው የምመኘው እነዚህን ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። አስደናቂ ነገር መሥራት አለብኝ ብዬ አዲስ ተራራ ሠራሁ። በአንድ በኩል ጠመዝማዛ መንገድ አለው። በፊት ለፊቱ ቀጥ ያለ ገደል፣ አንድ ስንዝር ቁመት ያለው፣ በጄሶና በከሰል ዱቄት የተለሰነ፣ ውበቱ የሚያስፈራ! አናቱ ላይ የውኃ ታንከር አስቀመጥኩ።

ውድድሩ ይህ ነው። አጥቂው አሥራ ሁለት ወታደር አለው። በስምንት ተራ ውስጥ ሦስቱን ታንከሩ ጋ ካደረሰ አሸነፈ። ተከላካዩ እኔ ነኝ፣ አሥር ወታደር አለኝ።

አሁን ሐቁን ልናዘዝ። መንገዱን በደንብ ለክቼዋለሁ። ከመነሻው እስከ አናቱ አንድ መቶ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው። በሃያ ሲካፈል ዘጠኝ ተራ። የተፈቀደው ስምንት።

አዎ። እንዳልሸነፍ አድርጌ ነው የሠራሁት። አትፍረዱብኝ፣ የሰው ተስፋ ተሸክሜያለሁ! ደግሞ መሸነፍ አልወድም።

ዓርብ ዕለት ደምሴ ገደሉን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ይኼኛው በስንት ተራ ነው የሚወጣው ብሎ ጠየቀኝ።

«ገደል ማን ይወጣል?» አልኩት። «ፍየሎች አይደሉም።»

ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልጠየቅኩም። ገደል ወጥቶ የማያውቅ ሰው ገደል ለወጣ ሰው መልስ ሰጠ።

ቅዳሜ ደረሰ።

ክፍሏ ጢም ብላለች። ቦታ ያጡት መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። የጣሪያው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያዞራል እንጂ አያበርደውም። የኪነት ልጆች ክፍሉ የእነሱ መሆኑን እርግጠኛ ስለሆኑ ከበሮውን ይዘውት መጥተዋል። ደምሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ጽጌ አጠገቡ አለች።

እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ንግግር አዘጋጅቻለሁ። ንግግሩ ረጅም ነበር።

ጓድ ሽፈራው ግማሹ ላይ አቋረጠኝና ተቃዋሚህን እኔ እመርጣለሁ አለ። ጨዋታው የሕዝብ ከሆነ ማንም መጫወት አለበት፣ አይደለም? ወዲያ ወዲህ ቃኘና ከሴቶች ማኅበር አዴ ዘሃራን ጠራት።

አዴ በእኛ ሰፈር ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው። አዴ ዘሃራ መጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። የኪነት ቡድኑን ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ነች፣ ልጇም እዚያው ትዘፍናለች። ሜትሯ እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጨዋታውን አይታው አታውቅም። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም።

ደስ አለኝ። አያችሁ የእኔን ነገር? አዘንኩላት እንኳን!

«አቦ ሕጉን አንብብልኝ» አለች።

በጥሩ ድምፅ አነበብኩላት። ሕግ ቁጥር አራት ላይ ስደርስ እጇን አነሣች። እንድደግመው ጠየቀችኝ። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ አስነበበችኝ። ሰው መሳቅ ጀመረ፣ እኔም በትዕግሥት ፈገግ አልኩ። አስተማሪ ነኛ!

«ከላይ ነው የምትለኩት?»

«ከላይ።»

«ተወጥሮ?»

«ተወጥሮ፣ በአግድም። የቀያሾች አለካክ ነው፣ አዴ ዘሃራ።»

«እሺ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

አሥሩንም ወታደሮቼን መንገዱ ላይ ደረደርኳቸው። ገደሉ ላይ አንድ ሰው አላቆምኩም።

በመጀመሪያው ተራ አሥራ ሁለቱን ሁሉ ወደ ፊት ነዳቻቸው። ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ገደሉ። በሁለተኛው ተራ ገደሉ ግርጌ ላይ ኮለኮለቻቸው፣ አፍንጫቸው ጄሶውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ለተመልካቹ አስረዳሁ። ጓዶች፣ ተመልከቱ፣ ጀማሪ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው፣ መንገዱን ትቶ ከግድግዳ ጋር ይጋጠማል አልኩ። ጣቴን ቀስሬ ነው የተናገርኩት። አሁን ሳስበው ያ ጣት ያመኛል።

ሦስተኛው ተራ።

አዴ ዘሃራ አንዱን ወታደር በሁለት ጣቷ አነሣችና አናቱ ላይ አስቀመጠችው። ታንከሩ ሥር።

«አይቻልም» አልኩ።

«ለካው» አለችኝ።

ሜትሬን አወጣሁ። ከላይ ወጠርኩት። በአግድም። ከገደሉ ግርጌ እስከ ገደሉ አናት…

ሁለት ሳንቲ ሜትር!

ገባችሁ? ቀጥ ያለ ነገር ከላይ ሲያዩት ስፋት የለውም። ከፍታው ስንዝር ይሁን ክንድ፣ በእኔ ሕግ ገደል መውጣት ነጻ ነው። ሜዳው ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሄዶ የሚደክመው ወታደሬ ገደሉን በአየር ይወጣዋል።

ሁለተኛውን አነሣች። «ለካው።» ሦስተኛውን። «ለካው።» እየለካሁ ነው እኮ! በገዛ እጄ፣ በገዛ ሜትሬ!

አሥራ ሁለተኛው ሲወጣ የኪነት ልጆች በየወታደሩ ከበሮ መምታት ጀምረው ነበር።

የእኔ አሥሩ ጀግኖች መንገዱ ላይ ወደ ታች አፍጥጠው ጠላት ይጠብቃሉ። ጠላት ከበላያቸው ውኃ ይጠጣል።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሕጉን ልቀይር ሞከርኩ። ገደል ማለት እኮ፣ እዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ አለ፣ አሳቡ እንደዚህ አልነበረም አልኩ።

ጓድ ሽፈራው፣ «ሕጉን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ንግግሬን በሰላም ጨርሼ ቢሆን ኖሮ ይህን አይጠይቀኝም ነበር። ንግግሬ ውስጥ አራት ቦታ ጽፌው ነበር።

«እኔ» አልኩ።

ሳቅ። ከመስኮቱም ሳቅ። ጓድ ሽፈራው ግን አልሳቀም፣ ያ ነው የከፋው። ደብተሩን ገለጠ። ገደል በነጻ ይወጣል የሚል ጨዋታ ለሠራተኛው ምን ያስተምራል፣ ስለዚህ ክፍሉ ለኪነት ቡድኑ እንዲሰጥ እያለ እየጻፈ ያነብ ጀመር።

ወደ ደምሴ ማየት አቃተኝ። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬም ለዚህ ቀን የተወለወለ ነበር።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት።

«ገደል በነጻ አይወጣም» አለ ደምሴ። «እኔ ወጥቻለሁ።»

ጮክ ብሎ አይደለም። ግን ከበሮው ቆመ። ብዙዎቹ ድምፁን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ጽጌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እያነከሰ ወደ ጠረጴዛው መጣ። አሥራ ሁለቱንም ወታደሮች አንድ በአንድ ከአናቱ አውርዶ ግርጌው ላይ መለሳቸው። አዴ ዘሃራ አልተቃወመችም።

«እኔም በቀዳዳ ገባሁ እንጂ አላሸነፍኩም» አለች። «የተቀደደ ይሰፋል። አንተ ግን፣» ወደ እኔ ዞረች፣ «እንደዚህ ለክተህ ቀሚስ ብትሰፋ ሴትየዋ አንገቷ ላይ ይቀራል፣ ወላሂ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። የእኔ ሜትር ብረት ነው፣ የእሷ ጨርቅ። ከወታደሩ እግር አስነሥታ ሜዳው ላይ አነጠፈችው፣ ገደሉን ተጠግታ ሽቅብ አወጣችው፣ አናቱ ላይ አጥፋ ታንከሩ ጋ አደረሰችው። ወገብና ዳሌ እንደሚለካው። ይኸው ነው። እኔ ስንት ዓመት በረሃ የተንከራተትኩበት ዕውቀት ልብስ ሰፊ ጋ ሲደርስ እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ቀና ብላ ደምሴን አየችው። ልኩ ይህ ነው፣ ድካሙስ ስንት ነው አለችው።

ደምሴም ገደል ላይ አንድ ጣት ሜዳ ላይ ሦስት ጣት ነው አለ። የመጀመሪያው ሰው ገመድ ይዞ ብቻውን ይወጣል። ገመዱ ከታሰረ በኋላ ለሚመጡት አንድ ጣት እንደ ሁለት ይቆጠራል። ገደል ላይ ያለ ሰው አይተኩስም።

«ለምን አይተኩስም?» አለ ጓድ ሽፈራው።

«በምን እጁ?»

እኔ እጽፍ ነበር። እርሳስ የሰጠኝ የለም፣ ራሴ ከኪሴ አውጥቼ ነው።

የሚወጣ ሁሉ በየተራው ዳይስ ይጣልበት፣ አንድ ከመጣ እግሩ ከዳው ማለት ነው አለ ደምሴ። እግሩ የከዳው ካለ ደግሞ በዚያ ተራ ገደሉ ላይ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ።

ከኪነት ልጆች አንዷ፣ የአዴ ዘሃራ ልጅ መሰለችኝ፣ «ሌሎቹ ለምን ይቆማሉ? እነሱ አልወደቁም» አለች።

ደምሴ ወደ እሷ ዞረ።

«ትተሽው ትሄጃለሽ?» አለ።

የጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት። ፈረንሳዊው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሕግ የነበረ አይመስለኝም። ምስጡ ይህን አልበላም፣ ይህን የሚያውቁት ወጥተው የተመለሱ ብቻ ናቸው።

«ድጋሚ» አለች አዴ ዘሃራ። ጓድ ሽፈራው ብዕሩን ደብተሩ መሐል አስገብቶ ዘጋው።

ድጋሚ ተጫወትን። አሁን ብልህ ሆኛለሁ፣ ገደሉ ላይ አምስት ሰው አቆምኩ።

አዴ ዘሃራ ዘጠኙን በመንገዱ ሰደደቻቸው። ሰልፍ በሰልፍ! ሦስቱን ገደሉ ሥር አስቀረች። እኔ ዘጠኝ ሰው ሲመጣብኝ አይቼ፣ መንገዱ ዘጠኝ ተራ እንደሚፈጅ የለካሁት እኔው መሆኔን ረስቼ፣ ደነገጥኩና ከገደሉ አራቱን ወደ መንገዱ አወረድኳቸው።

አዎ። ደግሜ።

አንዱ ወታደሯ ብቻውን ገደሉን ጀመረ። ሦስት ተራ ፈጀበት። በእያንዳንዱ ተራ ዳይስ ሲጣል ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ከላይ የቀረው ዘበኛዬ ሦስቴ ተኮሰበት፣ ሦስቴ ሳተው። (ዳይሱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ዕድል አይጠናም።) ገመዱ ታሰረ፣ የወጣው ልጅም ዘበኛዬን ማረከ። ሁለቱ ተከተሉ። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱን እግሩ ከዳው፣ ሁለቱም ቆሙ፣ አንድ ተራ ሄደ። የኪነት ልጆች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። ጓድ ሽፈራው ወንበር ላይ ቆሟል፣ ከዚያ ላይ ሆኖ «ያዘው፣ ያዘው» ይላል፣ የእርሳስ ወታደር እኮ ነው!

በስምንተኛው ተራ ሦስቱም አናቱ ላይ ደረሱ።

ክፍሉ ፈነዳ። እኔም አጨበጨብኩ። በአንድ ቀን ሁለቴ የተሸነፈ ሰው እጁን ምን ያድርገው?

ከዚያ ጓድ ሽፈራው ከወንበሩ ወረደ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ጉዳዩን ከመወሰኔ በፊት በተግባር ላጣራው አለና ከደምሴ ጋር ተቀመጠ። ተሸነፈ። ከተሸነፈ በኋላ ውጤቱ ገና አልጠራም አለ። ደግሞ ተሸነፈ። የኪነት ልጆች ተራ ያዙ። ከመካከላቸው ወደ ከበሮው የሄደ አልነበረም።

ውሳኔው ሰኞ ተነበበ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኪነት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኛ። አሸዋው ባለበት ይቆያል፣ በልምምድ ቀን ሸራ ይለብሳል። ሸራውን አዴ ዘሃራ ሰፋችው። ተራራው ላይ በልኩ የሚቀመጥ፣ ገደሉ ጋ ሳይጨማደድ የሚወርድ፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ።

የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ሁለት አልነበረም። አንድ ነው። ጓድ ሽፈራው በሰው ፊት አነሣው። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ።

ለደምሴ ሰጠው።

ሸሚዜን ያስተካከልኩ መሰልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። ማክሰኞ ቀረሁ፣ ሐሙስ ቀረሁ። ቅዳሜ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ደምሴ ነው። ያችን ዳገት፣ ከእሱ ቤት ወደ እኔ ቤት የምትወስደውን፣ በዚያ እግሩ ወጥቷታል።

«ከፍቼ ጠበቅኩህ» አለኝ። «ደግሞ ሜትርህን ይዘህ ና፣ ሜዳው ላይ ትሠራለች።»

ይዤ ሄድኩ።

እናንተ እንግዲህ ጽሑፌን አንብባችሁ ከሳቃችሁ በኋላ ይህን ደግሞ መዝግቡልኝ። እኔ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሙቀት፣ ያለ ማንም ረዳት የሚከተሉትን ያከናወንኩ ሰው ነኝ፦

አሥራ ሁለት ወታደር በአንድ ተራ ገደል የሚያስወጣ ሕግ ጽፌያለሁ። በዚህ አገር የመጀመሪያው ነኝ፣ ተወዳዳሪ አልመጣብኝም።

ለመርፌና ክር ባለሙያ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል።

አንድ ሊቀ መንበር ወንበር ላይ አስወጥቻለሁ።

ቆርቆሮ ሲያይ የነበረ ሰው ቁልፍ ያዥ ሆኖ ሰዓት ሳያዛንፍ ሲከፍት ለማየት በቅቻለሁ። ይህን እኔ አልሠራሁትም። አሸዋውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ሕግ ቁጥር አራትን እንደ አዲስ በትልቅ ወረቀት ገልብጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስም ይገባል፣ ስሙን ማን ይጻፍ ቢባል ያለሁት እኔው ነኝ። ደምሴ ብዬ ጻፍኩ። ዘሃራ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ፣ እጄ እየከበደኝ፣ ሦስተኛ አድርጌ በቀለ ብዬ ጻፍኩ።

ትንሽ ወፈር አድርጌ።